የእንግሊዝ ክለቦች ኳስ ተጋኗል ወይ? ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

የእንግሊዝ ክለቦች ከስፔን፣ ከጣሊያን፣ ከጀርመንና ከፈረንሳይ ክለቦች ጋር ሲነጻጸሩ ስማቸው ከአቅማቸው ይበልጣል ወይ? በዚህ ጉዳይ የምትፈልጉትን ሁሉ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ጥያቄው ከጠበቅኩት በላይ ጎረፈ። ተመሳሳይ የሆኑትን አንድ ላይ አድርጌ የቻልኩትን ያህል መልሻለሁ። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ዋንጫዎቹን የቆጠርኩት እስከ 2024/25 የውድድር ዓመት መጨረሻ ድረስ ነው።

ጥያቄ፦ ሳታድበሰብስ መልስልኝ። ተጋኗል ወይስ አልተጋነነም?

ላዩ ተጋኗል። መሃሉ ግን እንዲያውም የሚገባውን ክብር አላገኘም።

ሰው «ፕሪሚየር ሊግ ከዓለም አንደኛ ነው» ሲል ሁለት ነገር ይቀላቅላል። አንዱ ሊጉ ነው፤ ከአንደኛ እስከ ሃያኛ ያሉት ክለቦች ሁሉ። ሌላው ቁንጮዎቹ ክለቦች ናቸው። ሊጉን እንደ ሊግ ከወሰድነው ዛሬ የሚስተካከለው የለም። አሥራ አራተኛው ክለብ እንኳ ሌላ አገር ቢሄድ ለአውሮፓ ውድድር የሚፎካከር ቡድን አለው። ቁንጮዎቹን ብቻ ከወሰድን ግን ወሬው ከዋንጫው ይበልጣል። ከዚህ በታች የምመልሰው አብዛኛው ነገር ወደዚህ ልዩነት ይመለሳል።

ጥያቄ (ከአዳማ)፦ ወሬ ተወውና ቁጥር አምጣ። ስፔን ስንት፣ እንግሊዝ ስንት?

እሺ፣ ቁጥር። በአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግ፣ የድሮውን የአውሮፓ ዋንጫ ጨምሮ፣ የስፔን ክለቦች 20 ዋንጫ አላቸው። እንግሊዝ 15፣ ጣሊያን 12፣ ጀርመን 8።

ከ2000 እስከ 2025 ያሉትን 26 ዋንጫዎች ብቻ እንቁጠር፤ ይኸውም ፕሪሚየር ሊግ በገንዘብ ሌላውን ሁሉ ጥሎ የሄደበት ዘመን ነው። ስፔን 12 ወስዳለች። እንግሊዝ 6። ጣሊያንና ጀርመን ሦስት ሦስት። ፖርቶና ፓሪ ሴንት ዠርመን አንድ አንድ። ስለዚህ በገንዘብ አንደኛ የሆነው አገር በዋንጫ የስፔንን ግማሽ ብቻ አገኘ። «ተጋኗል» የሚሉት ሰዎች ጠንካራ ማስረጃ ይኼ ነው፤ እኔም እቀበለዋለሁ።

ግን እዚያው ቁጥር ውስጥ ሌላ ታሪክ አለ። የስፔን 20 ዋንጫ በሁለት ክለብ እጅ ነው፤ ሪያል ማድሪድ 15፣ ባርሴሎና 5። አትሌቲኮ ማድሪድ ሦስት ጊዜ ለፍጻሜ ደርሶ ሦስቱንም ተሸንፏል። የእንግሊዝ 15 ግን የስድስት ክለብ ነው፦ ሊቨርፑል 6፣ ማንችስተር ዩናይትድ 3፣ ቼልሲና ኖቲንግሃም ፎረስት ሁለት ሁለት፣ አስቶን ቪላና ማንችስተር ሲቲ አንድ አንድ። ስድስት የተለያዩ ሻምፒዮኖች ያሏት አገር እንግሊዝ ብቻ ናት።

ጥያቄ፦ ፓሪ ሴንት ዠርመን በ2025 የእንግሊዝን ክለቦች ተራ በተራ ሲያባርር የፈረንሳይን ሊግ «የገበሬ ሊግ» የሚሉት ሰዎች የት ገቡ?

ያን ዓመት ደጋግሜ አስበዋለሁ። ጥር ላይ ማንችስተር ሲቲ ፓሪስ ሄዶ 2 ለ 0 መራ፤ ከዚያ 4 ለ 2 ተሸነፈ። በጥሎ ማለፉ ሊቨርፑል ፓሪስ ላይ ግብ ጠባቂው አሊሰን ቡድኑን ተሸክሞ 1 ለ 0 አሸነፈ። በሊቨርፑል ሜዳ አንፊልድ ላይ ግን ፓሪ በዴምቤሌ ጎል አቻ አደረገውና በመለያ ምት አለፈ። ቀጥሎ አስቶን ቪላን በደርሶ መልስ 5 ለ 4 አሰናበተ። በግማሽ ፍጻሜው አርሰናልን ለንደን ላይ 1 ለ 0፣ ፓሪስ ላይ 2 ለ 1። ከዚያ ሙኒክ ላይ ኢንተርን 5 ለ 0 ደቁሶ ዋንጫውን አነሳ።

በአንድ የውድድር ዓመት አራት የእንግሊዝ ክለቦች። «የገበሬ ሊግ» የሚለው ስድብ ከዚያ በኋላ ሊያሳፍር ይገባል።

ሁለት ነገር ግን ልጨምር። ፓሪ የተራ ሊግ ተራ ክለብ አይደለም። ከጀርባው የኳታር ገንዘብ አለ፤ አሰልጣኙ ሉዊስ ኤንሪኬ ደግሞ ያን ገንዘብ በመጨረሻ ቡድን አደረገው። ሁለተኛ፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ አሜሪካ ውስጥ በክለቦች ዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ቼልሲ ያንኑ ፓሪ 3 ለ 0 አሸነፈው። ቼልሲ በፕሪሚየር ሊጉ አራተኛ የወጣ ቡድን ነበር። የሚመቸንን ጨዋታ ብቻ እየመረጥን የምናወራ ከሆነ ሁላችንም ትክክል ነን፤ ክርክሩም አያልቅም።

ጥያቄ (ከዱባይ)፦ እኔ የሪያል ደጋፊ ነኝ። የእንግሊዝ ደጋፊዎች «ዕድል ነው» ይሉናል። ዕድል 15 ጊዜ ይመጣል እንዴ?

አይመጣም እህቴ። በ2022 ሪያል ቼልሲን፣ ሲቲንና በፍጻሜው ሊቨርፑልን ነው ያሸነፈው። የሲቲው ጨዋታ ላይ መደበኛው 90 ደቂቃ ሊሞላ ሲል ሲቲ በደርሶ መልስ 5 ለ 3 ይመራ ነበር። የሪያሉ ሮድሪጎ በደቂቃዎች ልዩነት ሁለት አገባ። ቤንዜማ በጭማሪው ሰዓት በፍጹም ቅጣት ምት ጨረሰው። በፍጻሜው ደግሞ ግብ ጠባቂው ኩርትዋ የሊቨርፑልን ኳስ ሁሉ እየመለሰ ቪኒሲየስ በአንዲት ጎል ዋንጫውን አመጣ። ያንን ማዕበል ተቋቁሞ መውጣት ራሱ ችሎታ ነው። ልምድ ነው። ማልያውን የለበሰ ሁሉ «እኛ እዚህ ደረጃ ላይ አንሸነፍም» ብሎ ማመኑ ነው።

ግን ሪያልን የእንግሊዝ ክለብ አይነካውም እንዳንል፦ በ2021 ቼልሲ በግማሽ ፍጻሜ አሰናብቶታል። በ2023 ሲቲ በሜዳው 4 ለ 0 አሸንፎታል። በ2025 አርሰናል ለንደን ላይ 3 ለ 0፣ በሪያል ሜዳ በርናቤው ላይ 2 ለ 1።

ጥያቄ፦ ገንዘቡ ያን ያህል ከሆነ ለምን ሁልጊዜ አያሸንፉም? ይኼን አስረዳን።

ከሁሉም ጥያቄ የወደድኩት ይኼን ነው። ረዘም አድርጌ ልመልስ።

የፕሪሚየር ሊግ የገንዘብ ብልጫ የሚታየው ከላይ ሳይሆን ከታችና ከመሃል ነው። ከላይ ሲታይ የዓለም ሀብታሙ ክለብ እንግሊዛዊ አይደለም። በ2023/24 ሪያል ማድሪድ በአንድ ዓመት ከአንድ ቢሊዮን ዩሮ በላይ ገቢ ያገኘ የመጀመሪያው የእግር ኳስ ክለብ ሆኗል። ባየርን፣ ባርሴሎናና ፓሪም ከእንግሊዝ ትልልቆቹ ጋር ትከሻ ለትከሻ ናቸው። እዚያ ላይ እንግሊዝ ልዩ ብልጫ የላትም።

አሁን ወደ ታች እንውረድ። በ2025 የጀመረው የአገር ውስጥ የቴሌቪዥን ስምምነት ለአራት ዓመት 6.7 ቢሊዮን ፓውንድ ነው። የውጭ አገሩ ሽያጭ በዚህ ላይ ይጨመራል። ዋናው ነገር ክፍፍሉ ነው። በ2024/25 ሳውዝሃምፕተን በ12 ነጥብ ብቻ መጨረሻ ወጥቶ ወረደ፤ ያም ሆኖ ከሊጉ 109 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ደረሰው። ሻምፒዮኑ ሊቨርፑል ያገኘው ደግሞ 175 ሚሊዮን አካባቢ ነው። ልዩነቱ ሁለት እጥፍ እንኳ አይሞላም። በሌሎች ሊጎች ታችኛው ክለብ እንዲህ ያለ ገንዘብ በሕልሙም አያየውም።

ውጤቱን በአንድ ሰው ታሪክ ላሳያችሁ። ግራኒት ዣካ በ2024 ከባየር ሌቨርኩሰን ጋር አንድም ጨዋታ ሳይሸነፍ የጀርመን ሻምፒዮን ሆነ። የዚያ ቡድን የመሃል ሜዳ ልብ እሱ ነበር። በ2025 የት ሄደ? ሰንደርላንድ። ገና ከታችኛው ሊግ ያደገ ክለብ! በዚያው የዝውውር ወቅት ቪርትዝና ፍሪምፖንግም ከሌቨርኩሰን ወደ ሊቨርፑል ሄዱ። አሰልጣኙ ዣቢ አሎንሶም ወደ ሪያል። አንድ ታላቅ ቡድን እንዲህ ነው የሚፈርሰው። በስፔን ጂሮናም በ2024 ሦስተኛ በወጣ ማግስት ዶቭቢክን፣ ሳቪኞንና አሌክስ ጋርሲያን ሸኘ።

ስለዚህ የእንግሊዝ ገንዘብ የሚያዳክመው ሪያልንና ባየርንን አይደለም። የሌላውን አገር ሦስተኛ፣ አራተኛና አምስተኛ ክለብ ነው። ለእኔ ይኼ ያሳዝናል። አውሮፓ ውስጥ ጥሩ ቡድን ተሠርቶ ሁለት ዓመት እንኳ ሳይታይ ይበተናል።

ጥያቄ፦ «መሃሉ ክብሩን አላገኘም» ያልከውን በማስረጃ።

በ2025 የአውሮፓ ሁለተኛው ውድድር በሆነው ዩሮፓ ሊግ ፍጻሜ ቢልባኦ ላይ የተገናኙት ቶተንሃምና ማንችስተር ዩናይትድ ናቸው። ቶተንሃም 1 ለ 0 አሸነፈ። በዚያ ዓመት በአገራቸው ሊግ ቶተንሃም 17ኛ፣ ዩናይትድ 15ኛ ነበሩ! ቶተንሃም ከወራጅ ቀጠናው አንድ ደረጃ ብቻ ከፍ ብሎ የአውሮፓ ዋንጫ አነሳ። በ2023 ዌስትሃም ሦስተኛውን ውድድር፣ ኮንፈረንስ ሊግን የወሰደው ሊጉን 14ኛ ሆኖ በጨረሰበት ዓመት ነው።

«ሁለቱም አውሮፓ ላይ አተኩረው ሊጉን ትተውት ነው» ትሉኝ ይሆናል። በከፊል እውነት ነው። ግን ሊጉን የተወ ክለብ 17ኛ ድረስ የሚወርደው ከታች ያሉት ስለማይምሩ ነው።

ጥያቄ (ከሐዋሳ)፦ ታዲያ በ2024 ምን ነካቸው? አንድም ክለብ ለፍጻሜ አልደረሰም።

ትክክል ብለሃል። በሻምፒዮንስ ሊጉ ዩናይትድና ኒውካስል ከየምድባቸው መጨረሻ ወጡ። አርሰናል በባየርን፣ ሲቲ በሪያል ተሰናበቱ። አታላንታ አንፊልድ ሄዶ ሊቨርፑልን 3 ለ 0 አሸነፈ። ዌስትሃም በሌቨርኩሰን፣ አስቶን ቪላ በኦሎምፒያኮስ ወደቁ። በሦስቱም ውድድር ፍጻሜ ላይ የእንግሊዝ ክለብ አልነበረም። በ2019 ደግሞ በሁለቱ ትልልቅ ውድድሮች ፍጻሜ የደረሱት አራቱም ክለቦች እንግሊዛውያን ነበሩ፤ ሊቨርፑልና ቶተንሃም፣ ቼልሲና አርሰናል።

አንድ ዓመት ይዞ «አለቀላቸው» ወይም «ገዙት» ማለት የሚያሳስተው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ድካም ሰበብ ነው ወይስ እውነት?

እውነት ነው፤ ግን ሁሉን አይሸፍንም። እንግሊዝ ውስጥ 38 የሊግ ጨዋታ አለ፤ በላዩ ላይ ሁለት የአገር ውስጥ ዋንጫ። ፈረንሳይ ሊጓን ወደ 18 ክለብ ስላወረደች የፓሪ የሊግ ጨዋታ 34 ነው። በገና ሰሞን ብዙው ሌላ ሊግ ሲያርፍ እንግሊዞቹ ይጫወታሉ። ከሁሉ በላይ ግን የሚያደክመው የጨዋታው ብዛት ሳይሆን ክብደቱ ነው። ፓሪ ከሊጉ ደካማ ቡድን ጋር ሲገናኝ ዴምቤሌን ማሳረፍ ይችላል። አርሰናል ብሬንትፎርድ ሜዳ ሲሄድ ሳካን ማሳረፍ ይፈራል።

ስፔንም 20 ክለብና 38 ጨዋታ አላት እኮ። እንዲያም ሆኖ 12 ዋንጫ።

ጥያቄ፦ የእንግሊዝ ኳስ እንግሊዛዊ ነው ወይ?

ሜዳው፣ ደጋፊው፣ ታሪኩ እንግሊዛዊ ነው። ጭንቅላቱ ግን ከውጭ የመጣ ነው። ፕሪሚየር ሊግ በ1992 ከተጀመረ ወዲህ እስከ 2025 ድረስ አንድም እንግሊዛዊ አሰልጣኝ ዋንጫውን አላነሳም። ፈርጉሰንና ዳልግሊሽ ስኮትላንዳውያን ናቸው። ከዚያ ቬንገር፣ ሞሪንሆ፣ አንቼሎቲ፣ ማንቺኒ፣ ፔሌግሪኒ፣ ራኒየሪ፣ ኮንቴ፣ ጓርዲዮላ፣ ክሎፕ፣ ስሎት። የመጨረሻው እንግሊዛዊ የሊግ ሻምፒዮን አሰልጣኝ የሊድሱ ሃዋርድ ዊልኪንሰን ነው፤ በ1992፣ ፕሪሚየር ሊጉ ከመወለዱ በፊት።

ስለዚህ አንድ ሰው «የእንግሊዝ ኳስ ከስፔን ይበልጣል» ሲለኝ የትኛውን የእንግሊዝ ኳስ ነው እላለሁ። ካታሎናዊው ጓርዲዮላ ማንችስተር ላይ ያሠራውን? እንግሊዝ የዓለምን ምርጥ አሰልጣኞች ሰብስባ ምርጥ መድረክ ሠርታላቸዋለች። ትልቅ ነገር ነው። መድረክ መሥራትና ትምህርት ቤት መሆን ግን ይለያያሉ። ትምህርት ቤቶቹ ዛሬም ስፔን፣ ጀርመንና ጣሊያን ናቸው።

ጥያቄ (ከአንድ አባት፣ ከደሴ)፦ በእኛ ጊዜ እንግሊዞች አውሮፓን ይገዙ ነበር። ያኔስ ተጋኖ ነበር?

አባቴ፣ ያኔ አልተጋነነም። እርስዎ የሚሉት ዘመን ከ1977 እስከ 1982 ነው፤ ስድስት ተከታታይ የአውሮፓ ዋንጫ፦ ሊቨርፑል ሦስት፣ ፎረስት ሁለት፣ ቪላ አንድ። ቡድኖቹም በአብዛኛው የእንግሊዝ፣ የስኮትላንድ፣ የዌልስና የአየርላንድ ልጆች ነበሩ። በ1984 ሊቨርፑል እንደገና ወሰደ።

ከዚያ በ1985 የሄይሰል አደጋ መጣ። ብራስልስ ላይ ከጁቬንቱስ ጋር ከሚደረገው ፍጻሜ በፊት 39 ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ ጣሊያናውያን ደጋፊዎች ነበሩ። የእንግሊዝ ክለቦች ለአምስት ዓመት፣ ሊቨርፑል ለስድስት ዓመት ከአውሮፓ ታገዱ። ሲመለሱ የጣሊያኑ ሚላን ኳሱን ሌላ ቦታ አድርሶት ነበር። እስከ 1999 ድረስም አንድ የእንግሊዝ ክለብ ያንን ዋንጫ መልሶ አላነሳም።

ጥያቄ፦ እኛ ኢትዮጵያውያን ለምን እንግሊዝ ላይ ሙጭጭ አልን?

ብዙ ምክንያት አለ፤ እኔ ግን ሰዓቱን አስቀድማለሁ። የቅዳሜው የፕሪሚየር ሊግ ጨዋታ አዲስ አበባ ላይ ከቀኑ 11 ወይም 12 ሰዓት ላይ ይጀምራል። ሥራ ያበቃል፣ ቡና ይጠጣል፣ ዲኤስቲቪ ቤት ይገባል፣ ታክሲ ሳያልቅ ቤት ይደረሳል። አብዛኛው የሻምፒዮንስ ሊግ ጨዋታ ግን ከምሽቱ 4 ወይም 5 ሰዓት ነው፤ ያውም በሥራ ቀን። የስፔኑ ላሊጋ ትልልቅ ጨዋታዎችም ብዙ ጊዜ በዚያው ሰዓት ናቸው። በእንቅልፍ ሰዓት ለሚጫወት ቡድን ልብህን ለመስጠት ብርቱ ፍቅር ይጠይቃል።

ስለዚህ ብዙዎቻችን እንግሊዝን የመረጥነው አወዳድረን አይደለም። ያየነው እሱን ስለሆነ ነው። ከኔ ጋር የሚከራከር ሰው ሳገኝ መጀመሪያ «ዘንድሮ ስንት የሴሪኣ፣ የጣሊያን ሊግ፣ ጨዋታ ሙሉ አየህ?» እለዋለሁ። ሊጎችን ለማወዳደር ሁለቱንም ማየት ግድ ነው።

ጥያቄ (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ)፦ እኛ ጋ ደግሞ ፕሪሚየር ሊግ በጠዋት ነው። ሌላ የትኛውን ሊግ ልከታተል?

ሴሪኣን። በ2025 ናፖሊ ኢንተርን በአንድ ነጥብ በልጦ ነው ዋንጫውን የወሰደው፤ 82 ለ 81። ከ2021 እስከ 2025 ባሉት አምስት ዓመታት ጣሊያን ሦስት የተለያዩ ሻምፒዮኖች ነበሯት፤ ኢንተር፣ ሚላንና ናፖሊ። በእንግሊዝ በዚያው አምስት ዓመት አራቱን ሲቲ ወሰደ። «የእንግሊዝ ሊግ አይገመትም» የሚለውን ከዚህ ጋር አስተያየው።

ጥያቄ፦ አርሰናል ሻምፒዮንስ ሊግን ሳያነሳ እንዴት ትልቅ ክለብ ይባላል? ሐቁን ንገረን።

በ2006 ፓሪስ ላይ በፍጻሜው ግብ ጠባቂው ሌማን ገና በጊዜ በቀይ ወጣ። በአሥር ሰው መርተው ባርሴሎና በመጨረሻው ሩብ ሰዓት ሁለት አገባባቸው። ከዚያ ወዲህ እስከ 2025 ለፍጻሜ አልተመለሱም። ትልቅ ክለብ ናቸው፤ በአውሮፓ ግን ታሪካቸው ከስማቸው ያንሳል። መድፈኞች (የአርሰናል ደጋፊዎች)፣ ይኼን የምለው በክፋት እንዳይመስላችሁ። የበርናቤውን ምሽት አብሬያችሁ ተደስቻለሁ።

ጥያቄ፦ ዋንጫ ካልሆነ ታዲያ በምን እንለካ?

ዋንጫ ይለካል፤ ግን ሌላ ነገር ነው የሚለካው። ቼልሲ በ2012 ሻምፒዮንስ ሊግን ያነሳው በሊጉ ስድስተኛ ሆኖ ነው። ሪያል በ2018 የአውሮፓ ሻምፒዮን ሲሆን በላሊጋ ሦስተኛ ነበር፤ ከባርሴሎና 17 ነጥብ ርቆ። ጥሎ ማለፍ የምሽት ጉዳይ ነው። ሊግ የዘጠኝና የአሥር ወር ጉዳይ ነው።

ጥያቄ፦ የመጨረሻ። አንተ የማን ደጋፊ ነህ? እውነቱን።

የሊቨርፑል። በ2005 ኢስታንቡል ላይ ሚላን እስከ ዕረፍት 3 ለ 0 ሲመራ ብዙ ሰው ሂሳቡን ከፍሎ ወጣ። እኔ ቁጭ አልኩ። ጄራርድ፣ ሽሚሰር፣ አሎንሶ፤ በስድስት ደቂቃ ሦስት ጎል። መለያ ምቱ ሲያልቅ ከሌሊቱ 6 ሰዓት አልፎ ነበር። ታክሲ የለም። ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር እየዘፈንኩ በእግሬ ገባሁ።

ያ ቡድን በሊጉ አምስተኛ ነበር። ከኤቨርተን በታች፣ ከሻምፒዮኑ ቼልሲ በ37 ነጥብ ርቆ። የአውሮፓ ሻምፒዮን ግን እሱ ነበር።